መልክና ተመልካች፦ ገጸ ባሕርያትን በቃል ስለ መሣል

በልብ ወለድ ውስጥ የሰው መልክ የሚገለጠው ቀስ በቀስ፣ ቃል ቃልን እየተከተለ ነው። ሠዓሊ ፊትን ሲሥል ግንባሩም፣ ዓይኑም፣ አገጩም በአንድ ጊዜ ሸራው ላይ ይገኛሉ፤ ተመልካቹ አንዴ ቀና ብሎ ሙሉውን ያያል። ጸሐፊ ይህ ዕድል የለውም። ግንባሩን ከተናገረ በኋላ ቅንድቡን፣ ከቅንድቡ ቀጥሎ ዓይኑን ይናገራል፤ አገጩ ላይ ሲደርስ አንባቢው ግንባሩን ረስቶታል። የመልክና የቁመና ገለጻ ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው። የተሳካላቸው ደራስያን የደረሱባቸው መፍትሔዎችም ይህን ከመካድ ሳይሆን ከመቀበል የተገኙ ናቸው።

ጉዳዩን አንጥሮ ያወጣው ጀርመናዊው ሐያሲ ጎትሆልድ ኤፍሬም ሌሲንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1766 ባሳተመው «ላኦኮን» በተባለ መጽሐፉ፣ ሥዕል ጎን ለጎን ያሉ ነገሮችን፣ ግጥምና ትረካ ደግሞ ተከታትለው የሚሆኑ ነገሮችን ለማሳየት የተሻሉ መሆናቸውን ተከራከረ። ዋና ምስክሩ ሆሜር ነበር። የትሮይ ጦርነት የተነሣው በሄለን ውበት ምክንያት ነው ይባላል፤ ሆኖም ሆሜር የሄለንን ፊት ዘርዝሮ አልገለጸም። በኢሊያድ ሦስተኛ መጽሐፍ ሄለን ወደ ከተማው ቅጥር ስትመጣ፣ በበሩ አጠገብ የተቀመጡ፣ ለጦርነት ዕድሜያቸው ያለፈ ሽማግሌዎች ያዩዋታል። ልጆቻቸውን የሚያስፈጅ ጦርነት ያመጣች ሴት ናት፤ እነሱ ግን እርስ በርስ እያንሾካሾኩ፣ ስለ እንዲህ ያለች ሴት ሁለት ሕዝብ ለዓመታት መከራ ቢቀበል አያስወቅስም ይባባላሉ። ወዲያው ደግሞ፣ ምንም ብታምር ወደ አገሯ ትመለስ ይላሉ። አንባቢው የዓይኗን ቀለም ሳያውቅ የውበቷን ኃይል ያውቃል፤ የተነገረው መልኳ ሳይሆን መልኳ በተመልካቾች ላይ ያደረገው ነገር ነውና። ሽማግሌዎቹም ከነፍርሃታቸውና ከነአድናቆታቸው በዚያው ቅጽበት ተገልጠዋል።

ቃልና ፊት የማይጣጣሙ መሆናቸውን የሥነ ልቦና ጥናትም በሌላ በኩል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጆናታን ስኩለርና ቶንያ ኤንግስትለር ስኩለር ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች የባንክ ዘረፋ የሚታይበት ፊልም ተመለከቱ። ከዚያ ገሚሶቹ የዘራፊውን ፊት በቃል እንዲገልጹ ተደረገ። በኋላ ከብዙ ፊቶች መካከል ዘራፊውን እንዲለዩ ሲጠየቁ፣ በቃል የገለጹት ካልገለጹት ያነሰ ውጤት አመጡ። ሰው ፊትን የሚያውቀው በጠቅላላ ቅርጹ ነው፤ ቃል ግን ይሸነሽነዋል። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ አፍንጫን፣ ከንፈርንና ጆሮን በዝርዝር ቢደረድር አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው የተበታተነ የአካል ክፍል እንጂ ሰው አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚቃረን የሚመስል አንድ ትልቅ የአገር ውስጥ ትውፊት አለ፤ መልክዕ። የግእዙ መልክዕ የቅዱሱን ወይም የቅድስቲቱን አካል ከስም አጠራርና ከራስ ጠጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር እየተከተለ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል «ሰላም» ይላል። እያንዳንዱ አርኬ፣ ማለትም አንዱ የግጥሙ ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስንኝ አለው፤ ስንኞቹም በአንድ ቤት ይመታሉ። መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ በቃል የሚደገሙ፣ ምእመናን ከልጅነት ጀምረው የሚያውቋቸው ጸሎቶች ናቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ መኃልየ መኃልይም የተወደደችው ሴት አካል በተመሳሳይ መንገድ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዞረ በምሳሌ ይወደሳል። እዚህ ላይ ዝርዝሩ ይሠራል፤ የሚሠራውም ዓላማው ሌላ ስለሆነ ነው። መልክዕ የሚደግም ሰው ፊትን ለመለየት አይሻም፤ ሰላምታ እያቀረበ ነው። ቅደም ተከተሉ ለትውስታ ይረዳዋል፣ ዜማው ይሸከመዋል፣ እያንዳንዱ የአካል ክፍል ወደ አንድ ተአምር ወይም ወደ አንድ ልመና ይወስደዋል። ዓይን የተጠራው ቅርጹ እንዲታወቅ ሳይሆን ምሕረቱ እንዲለመን ነው።

ችግር የሚፈጠረው ይህ ሥርዓት ሰላምታው፣ ዜማውና ጸሎቱ ቀርተው ዝርዝሩ ብቻ ወደ ልብ ወለድ ሲገባ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሴት ገጸ ባሕርያቸውን ከጠጉሯ ጀምረው እስከ ተረከዟ ያወርዳሉ። በየመንገዱም የሕዝብ ግጥም ያቆያቸውን ማነጻጸሪያዎች ያነሣሉ፤ ዓይን የብር ዋንጫ፣ አንገት ብርሌ፣ ጥርስ በረዶ፣ ተረከዝ ሎሚ ይሆናል። እነዚህ በዘፈንና በሠርግ ቤት ዋጋቸው አልወደቀም፤ እዚያ የሚፈለገው ሙሽራይቱ ከውብ ሴቶች ተራ መቆሟን መመስከር ነው። ልብ ወለድ የሚፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው። ይህች ሴት ከሌሎቹ ሁሉ በምን እንደምትለይ ማወቅ ይሻል። ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፦ ገለጻው በስም ለውጥ ብቻ ወደ ሌላ ልብ ወለድ፣ ወደ ሌላ ሴት ሊዛወር የሚችል ከሆነ፣ ስለዚህችኛዋ ምንም አልተነገረም።

የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲጀመር መልክን ከጌጥነት አውጥቶ የታሪክ ሞተር ማድረጉ ሊታወስ ይገባል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተመው፣ ኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው ልብ ወለድ ታሪክ የሚንቀሳቀሰው በመንትዮች መመሳሰልና በተለወጠ ልብስ ነው። ጦቢያ እንደ ወንድ ልጅ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ትወጣለች፤ ወንድ መስላት የምታፈቅራት ሴትም ትመጣለች። የጦቢያ መልክ ባይኖር፣ ያም መልክ በተመልካቾቹ ባይሳሳት፣ ታሪኩ አይንቀሳቀስም። አፈወርቅ ራሱ ሠዓሊ ነበር፤ ውበትን በልግስና ያወድሳል፣ ውዳሴውም ዛሬ ለሚያነበው ሰው የተጋነነ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መልክ አንድ ሥራ ሊሠራ ይገባዋል የሚለውን መሠረታዊ ነገር የዘውጉ መጀመሪያ ላይ አስቀምጦት ሄዷል።

መልክ ከተሰጡት ሥራዎች ሁሉ ከባዱና አደገኛው የባሕርይ ምስክርነት ነው። በጥንታዊው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህ ምልክት ነው፤ የሚያየው ምእመንም ምልክትነቱን ያውቃል፤ በጎን የተቀመጠ ጎረቤቱን ክፉ ነው አይልም። አውሮፓ ውስጥ ግን ምልክቱ እንደ ሳይንስ ተቆጠረ። የስዊዘርላንዱ ቄስ ዮሐን ካስፓር ላቫተር እ.ኤ.አ. ከ1775 እስከ 1778 ባሳተማቸው ቅጾች፣ የፊት ቅርጽ የነፍስን ጠባይ እንደሚናገር አስተማረ። የላቫተር ትምህርት በልብ ወለድ ላይ ረጅም ጥላ ጥሏል። ባልዛክ በጣም ይወደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1835 በወጣው «አባ ጎርዮ» ውስጥ የመኝታ ቤት አከራይዋን ማዳም ቮኬርን ሲገልጽ፣ ሴትዮዋ ቤቱን፣ ቤቱም ሴትዮዋን የሚያብራሩ እስኪሆኑ ድረስ መልኳን፣ ቀሚሷንና የክፍሉን ሽታ አንድ ያደርጋቸዋል። ገለጻው እጅግ ኃይለኛ ነው። ኃይሉ የመጣው ግን ከላቫተር አይመስልም፤ ባልዛክ ፊቷን ከኑሮዋ፣ ከገንዘቧና ከወጥ ቤቷ ጋር በማያያዙ ነው። አንድ ሰው የኖረበት ኑሮ በፊቱ ላይ ምልክት ይተዋል ማለትና፣ የአፍንጫ ቅርጽ ክፋትን ያሳያል ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው አስተሳሰብ ወዴት እንደሚያደርስ የጣሊያኑ ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው መጽሐፍ ወንጀለኛ በትውልዱ ወንጀለኛ ሆኖ በራስ ቅሉና በመንጋጋው ይታወቃል አለ። ሐሳቡ ከሳይንስ ከተባረረ ቆይቷል፤ ከልብ ወለድ ግን ገና አልወጣም። ዛሬም ክፉው ገጸ ባሕርይ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ፊቱ በጠባሳ የተሸበሸበ ወይም አንካሳ ሆኖ ይመጣል። በአማርኛም ደግነትን ለሰልካካ አፍንጫና ለቀይ ፊት፣ ንዝህላልነትንና ጭካኔን ለጎራዳ አፍንጫና ለጥቁር ፊት የሚያድሉ ገጾች ሞልተዋል። ይህ የባርነት ዘመን የተወው ንቀት ነው፤ ጸሐፊው ሳያስብበት በብዕሩ ያልፋል። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው በዚያ መልክ በተፈጠሩ አንባቢዎች ላይ የሚደርሰው ግፍ ነው፤ ከምንም በላይ የሚከብደውም እሱ ነው። ሌላው የጥበብ ጉዳት ነው፤ ክፉነቱ ከመግቢያው በፊቱ ላይ የተጻፈ ሰው ምንም ቢያደርግ አንባቢን አያስደነግጥም። ቻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 «ጄን ኤር»ን ስትጽፍ ዋና ገጸ ባሕርይዋን ሆን ብላ ትንሽና መልኳ ተራ የሆነ አደረገቻት። ከዚያ በኋላ የጄን አእምሮና ክብር የመጽሐፉን ክብደት ሁሉ እንዲሸከሙ ግድ ሆነ፤ ተሸከሙትም።

መልክን ከፍርድ የሚያድነው፣ በዚያው ልክም ሕይወት የሚሰጠው አንድ ነገር አለ፤ ተመልካች። በኑሮ ውስጥ ማንም የሆነ ቦታ የቆመ ተመልካች ሳይኖር አይታይም። አንድ ሰው የሆነ ነገር ፈልጎ፣ የሆነ ነገር ፈርቶ፣ ከሆነ ርቀት ያየዋል። ቶልስቶይ «አና ካሬኒና» ውስጥ ይህን በአንድ ጆሮ አሳይቷል። አና ሞስኮ ላይ ልቧን የማረከውን ቭሮንስኪን አግኝታ በባቡር ወደ ፒተርስበርግ ስትመለስ ባሏ ካሬኒን ጣቢያው ላይ ይጠብቃታል። ለዓመታት አብራው ኖራለች፤ አሁን ግን ዓይኗ የሚያርፈው በጆሮው ላይ ነው፤ እንዴት እንዲህ ሆነ ብላ ትገረማለች። የካሬኒን ጆሮ በዚያ ቀን አልበቀለም። የተለወጠው የምታየው ሴት ናት፤ እሷም መለወጧን ገና ለራሷ አልነገረችም። በዚሁ መጽሐፍ የአናን ውበት የሚያሳየው ደግሞ የወጣቷ የኪቲ ዓይን ነው። ኪቲ አና ለዳንሱ ወይን ጠጅ ቀለም ልብስ ትለብሳለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ በጥቁር ከፋይ ስታገኛት እስከዚያ ድረስ ውበቷን አለመረዳቷን ታውቃለች። ኪቲ የምታደንቃት ሴት በዚያው ምሽት የምትወደውን ቭሮንስኪን ስለምትወስድባት፣ የልብሱ ገለጻ አድናቆትና የሚመጣ ሐዘን አብረው የገቡበት ነው። ጄን ኦስተንም «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» ላይ የኤልዛቤት ቤኔትን መልክ እምብዛም አልገለጸችም። ሚስተር ዳርሲ መጀመሪያ ልቡን የምትማርክ ሆና አያገኛትም፤ ጥቂት ቆይቶ ዓይኖቿን ያስተውላል። በዳርሲ ላይ የደረሰውን ለውጥ አንባቢው ከራሱ ከዳርሲ ቀድሞ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ነገሩን በአማርኛ ለማየት አንድ ልብስ ሰፊ ይታሰብ። የዝርዝር ገለጻው እንዲህ ይሆናል፦ «አቶ ደምሴ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭንና ጠይም ናቸው። ጠጉራቸው ገብስማ፣ አፍንጫቸው ሰልካካ፣ ዓይናቸው ጎድጓዳ ነው።» ስሕተት የለበትም፤ ግን ሰውየው ለመታወቂያ ፎቶ እንደተቀመጠ ሰው ይደርቃል። አሁን ሱቁ በር ላይ የቤት ኪራይ ሊጠይቅ የመጣ አከራይ ይቁም፦ «ዓይኑን ከጫማው አላነሣም። ሶሉ አዲስ ነው፤ ማሰሪያውም አዲስ ነው። ለጫማ ገንዘብ አለ ማለት ነው።» ቀጥሎ ከደሴ ለጥየቃ የመጣች ልጃቸው ትግባ፦ «ሸሚዙን ታውቀዋለች፤ ለምረቃዋ ቀን ራሳቸው የሰፉት ነው። ያኔ የላይኛውን ቁልፍ ለመቆለፍ አገጫቸውን ቀና ማድረግ ነበረባቸው። አሁን ተቆልፎም ሁለት ጣት ያስገባል።» ከስፌት መኪናው ሥር ጨርቅ የሚለቅም ተለማማጅ ልጅም አለ፦ «ጋሼ ደምሴ ሲናገሩ ስፒሎቹ ከአፋቸው አይወድቁም። ሲቆጡ በግራ ከንፈራቸው፣ ደስ ሲላቸው በቀኝ እንደሚይዟቸው የሚያውቅ ልጁ ብቻ ነው።» አንዱም ስለ ሰውየው ቁመት አልተናገረም። ሆኖም ከመጀመሪያው ዝርዝር ይልቅ እዚህ አንድ ሰው አለ፤ ዕዳው፣ ሕመሙና ጠባዩ ከሦስት ሰዎች ፍላጎት ጋር አብረው ታይተዋል። የልጅቱ ዓረፍተ ነገር ከሳ ሳይል መክሳቱን፣ ፈራች ሳይል ፍርሃቷን ይዟል።

በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የአማርኛ ሰዋስውም በዝምታ ሠርቷል። አከራዩ «ጫማው» ሲል፣ ልጅቱ «አገጫቸው» ስትል፣ ተለማማጁ «ጋሼ» ሲል፣ ዕድሜ፣ ክብርና ቅርበት ያለ ተጨማሪ ቅጽል ገብተዋል። አማርኛ ጾታን በግሱ ላይ ያሳያል፤ አክብሮትንም እንዲሁ። በሌሎች ቋንቋዎች ጸሐፊው አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያወጣበትን የአማርኛ ጸሐፊ በአንድ ቅጥያ ያገኘዋል። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰው ለሰው የሚሰጠው መጠሪያ፣ ፊታውራሪ ይሁን ጉዱ፣ ተጠሪው በምን ዓይን እንደሚታይ ገና ከመምጣቱ ያሳውቃል። ሰዋስው የሚከለክለውም ነገር አለ። በሦስተኛ መደብ የገጸ ባሕርይን ጾታ መሰወር በአማርኛ እጅግ ከባድ ነው። በአንደኛ መደብ ግን «መጣሁ»ም «ሄድኩ»ም ጾታ የላቸውም፤ ተራኪው ማን እንደሆነ አንድ ሌላ ሰው «አንቺ» ወይም «አንተ» ብሎ እስኪጠራው ድረስ ሊቆይ ይችላል። ይህን በር ደፍሮ የሚከፍት ጸሐፊ ብዙ ሊያተርፍበት ይችላል።

የአንደኛ መደብ ተራኪ የራሱን መልክ እንዴት ይናገር የሚለው የታወቀ ፈተና ነው። በጣም የተለመደው መልስ መስታወት ነው፤ ተራኪዋ ጧት ተነሥታ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ከላይ እስከ ታች ትቆጥራለች። ይህ የሚያሳምን አይደለም። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ፊት አይዘረዝርም፤ መስታወት ፊት የሚቆመው ነገር ፈልጎ ነው፤ ሽበት ወጣ ወይ፣ ትናንት ያበጠው ዓይን ጎደለ ወይ ብሎ። የተሻለው መንገድ የተራኪውን የራሱንና የሌሎችን አድራጎት መጠቀም ነው። ታክሲ ውስጥ ሲገባ አንገቱን የሚሰብር ተራኪ ቁመቱን ተናግሯል። የወንድሟን ካፖርት ለብሳ እጅጌውን ሁለት ጊዜ የምታጥፍም እንዲሁ። ዘመዶች ለቅሶ ቤት አግኝተውት «አባትህን ቁርጥ!» ሲሉት፣ እሱም ያን አባት የማይወድ ከሆነ፣ መልኩ ብቻ ሳይሆን ከመልኩ ጋር ያለው ጠብም ታውቋል።

ስንት ዝርዝር ይበቃል ለሚለው ቁጥር መስጠት ከንቱ ነው፤ ግን የታላላቅ ሥራዎች ልምድ ወደ ጥቂት ያዘነብላል። በ«ጦርነትና ሰላም» ቶልስቶይ ለትንሿ ልዕልት፣ ለልዑል አንድሬ ሚስት፣ በአጭር የላይኛ ከንፈር ላይ ያለ ስስ ጠጉር ሰጣት። ከንፈሯ ጥርሷን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ ስትስቅም ስታኮርፍም ይታያል። ቶልስቶይ ይህን ደጋግሞ ያነሣል። ልዕልቲቱ በወሊድ ከሞተች በኋላ በመቃብሯ ላይ የቆመው የእምነ በረድ መልአክ የላይኛ ከንፈሩ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ባሏና እኅቱ መልአኩ እሷን እንደሚመስል ይሰማቸዋል። ያ ከንፈር መጀመሪያ የምታምርበት፣ ቀጥሎ የምትታወቅበት ነበር፤ መጨረሻ ላይ የሚያስለቅስ ሆነ። የተመረጠ አንድ ነገር በየመልሱ አዲስ ትርጉም ሲሸከም አሥር ዝርዝር የማይሠራውን ይሠራል። ሁልጊዜ በአንድ ትርጉም ብቻ ሲመለስ ግን ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ አንባቢም ይሰለቸዋል።

ከፊት ይልቅ እንቅስቃሴ በቃል በደንብ ይያዛል፤ እንቅስቃሴም እንደ ቃል በጊዜ ውስጥ የሚሄድ ነውና። ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ኦኮንኮን ሲያስተዋውቅ ግዙፍነቱን፣ ጥቅጥቅ ያለ ቅንድቡንና ሰፊ አፍንጫውን በአጭሩ ይጠቅሳል። ከዚያ ወደ አካሄዱ ያልፋል፤ ተረከዙ መሬት እምብዛም አይነካም፣ አንድ ሰው ላይ ሊወረወር እንደተዘጋጀ ይራመዳል። የሚቆጣና ቃል የሚያጥረው ሰው መሆኑ፣ ሲያጥረውም እጁን እንደሚያነሣ፣ እዚያው ይከተላል። የመጽሐፉ አደጋ ሁሉ በዚያ አረማመድ ውስጥ ተቀምጧል።

ልብስም እንዲሁ ብዙ ይናገራል፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ደግሞ የተለየ ትክክለኛነት አለው። ነጠላ መስቀለኛ የተጣፋ እንደሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የተዘቀዘቀ እንደሆነ ሐዘን አለ። በጌታ ፊት ሸማን አውርዶ ወገብ ላይ ማደግደግ፣ በርኖስ፣ ካባ፣ እጀ ጠባብ፣ ተፈሪ ሱሪ፣ ኋላም አፍሮ ጠጉርና ቤልቦተም፣ ከዚያም የደርግ ዘመን ካኪ፣ እያንዳንዳቸው ዓመትና ማዕረግ ይናገራሉ። ስለ ቀድሞ ዘመን የሚጽፍ ሰው የልብስና የጠጉር አቆራረጥን ነገር ካላጠና የፈለገውን ያህል ስለ ፊት ቢናገር ዘመኑ አይታመንለትም። ቁንጮ ያለው ልጅና ጋሜ ያለው ልጅ አንድ አይደሉም። ልብስ ከመልክ የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ሰው ፊቱን አልመረጠም፣ ልብሱን ግን መርጧል ወይም ተገዶ ለብሶታል። በዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» መግቢያ ላይ ራስኮልኒኮቭ መልከ መልካም መሆኑ በአጭሩ ይነገራል። ታሪኩ ውስጥ የሚገባው ግን ባርኔጣው ነው። አንድ ሰካራም መንገድ ላይ በባርኔጣው ይጮህበታል፤ ራስኮልኒኮቭም የሚደነግጠው ስለ ድህነቱ አፍሮ ሳይሆን፣ ይህ ባርኔጣ ሰው ያስታውሰዋል ብሎ ነው። አንባቢው ገና ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ሳያውቅ፣ መታወስን የሚፈራ ሰው መሆኑን ያውቃል።

ገለጻው መቼ ይምጣ ለሚለው፣ አንድ ነገር በጥብቅ መያዝ አለበት። አንባቢ የገጸ ባሕርይን መልክ የሚሠራው ወዲያው ነው፤ ጸሐፊው ዝም ቢልም ከስሙ፣ ከንግግሩና ከሥራው ተነሥቶ አንድ ሰው በአእምሮው ያቆማል። ስለዚህ ለታሪኩ የሚያስፈልግ ጉልህ ነገር፣ የጠፋ እጅ፣ እርግዝና፣ ከሌሎቹ የተለየ ዕድሜ፣ መጀመሪያ ገጾች ላይ መታወቅ አለበት። በመቶኛው ገጽ ላይ ጢም እንዳለው የተነገረለት ሰው አንባቢውን ያደናቅፋል። የተቀረው በየጊዜው ጠብ ጠብ ቢል ይመረጣል፤ ሰውም በኑሮ የሚታወቀው እንዲሁ ነው።

አንባቢ የራሱን ሰው ማቆሙ ጸሐፊው ሊጠቀምበት የሚገባ ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የነርቭ ሐኪሙ አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ «አፋንቴዥያ» ብለው በሰየሙት ሁኔታ ውስጥ ያሉ ሰዎች በአእምሯቸው ምንም ምስል አይታያቸውም፤ ከእነሱ መካከልም ልብ ወለድ በፍቅር የሚያነቡ አሉ። ይህ፣ ገጸ ባሕርይ በምስል ብቻ እንደማይኖር ያስረዳል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የልብ ወለዱን ሴት ባለ ታሪክ ሰብለ ወንጌልን ያላየ አድማጭ በድምፁ ብቻ ተከትሏታል፤ እያንዳንዱ ቤትም የየራሱን ሰብለ ፈጥሯል። ፍራንዝ ካፍካ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 «መለወጥ» የተባለው ታሪኩ ሊታተም ሲል ለአሳታሚው ጽፎ፣ ዋና ገጸ ባሕርዩ የሚለወጥበት ነፍሳት በሽፋኑ ላይ ከሩቅም ቢሆን እንዳይሣል ለመነ። ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው «ሬሲታቲፍ» አጭር ልብ ወለድ ደግሞ ከሁለት ሴቶች አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ነጭ መሆናቸው ይታወቃል፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ግን አይነገርም። አንባቢው ከጠጉር፣ ከምግብ፣ ከንግግር ፍንጭ ሲለቅም የራሱን ግምት ምንጭ ይደርስበታል። እንዲህ ያለው ዝምታ ከስንፍና የሚለየው ጸሐፊው የተወውን ነገር ጠንቅቆ በማወቁ ነው።

ከእውነተኛ ሰው የተቀዳ ገጸ ባሕርይ የራሱ ጥያቄ አለው። የበዓሉ ግርማ «ደራሲው» ዋና ገጸ ባሕርይ ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የተቀዳ መሆኑ በሰፊው ይታወቃል፤ በ«ኦሮማይ»ም አንባቢዎች የዘመኑን ባለ ሥልጣናት ለይተዋል። ሰው የሚለየው በመልክ ብቻ አይደለም፤ በአነጋገር፣ በአረማመድ፣ ሲጋራ በሚይዝበት ጣት ጭምር ነው። ቁመቱን ብቻ ለውጦ ሞዴሉን ደበቅሁ የሚል ጸሐፊ ራሱን ያታልላል፤ ያ ሰው የግል ኑሮ ያለው ተራ ሰው ከሆነ ደግሞ ይበድለዋል። የሁለትና የሦስት ሰዎችን ምልክት ማዋሐድ ጥንታዊና ደኅና መንገድ ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው የእርማት ሥራ ነው። ረቂቁ ሲያልቅ የእያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ገለጻ በሙሉ ከየምዕራፉ ተለቅሞ በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ከጎኑም በየገለጻው የሚያየው ማን እንደሆነ ይጻፋል። ተመልካች ያልተገኘለት ገለጻ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ነው። በዚሁ ወረቀት ላይ የሚጋጩ ነገሮችም ይወጣሉ። ግጭት ሁሉ ግን ስሕተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1857 በመጽሐፍ የወጣችው የፍሎቤር ማዳም ቦቫሪ ዓይኗ አንድ ቦታ ቡናማ ሆኖ ከሽፋሽፍቷ የተነሣ ጥቁር የሚመስል ነው፤ ሌላ ቦታ በጥላ ጥቁር፣ በብርሃን ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ሐያስያን ሲከራከሩበት ኖረዋል። ሁለተኛውን የሚያየው ባሏ ሻርል ነው፤ ጧት በአልጋ ላይ፣ ከቅርብ፣ አዲስ ሙሽራ በነበረ ጊዜ።